እናትዎ ቢወድቁ ቁልፉ ማን ዘንድ ነው?



የጃንዋሪ መጨረሻ፣ ማለትም የግል ሥራ ያለው ሁሉ የገቢ ታክስ ማስታወቂያውን የሚያስገባበት ሳምንት ሲደርስ፣ ብሪክስተን ያለችው ቢሮዬ ምን እንደምትመስል ደረሰኙን በፌስታል አጭቆ የሚመጣ ደንበኛ ሁሉ ያውቃል። ከእነዚህ ፌስታሎች በአንዱ ውስጥ፣ በነዳጅና በመኪና እጥበት ደረሰኞች መካከል፣ ለአንድ የአንገት ደወል በየወሩ የተከፈለበት ወረቀት አገኘሁ። የፌስታሉ ባለቤት ሌሊት ሌሊት ወደ ሂትሮው የሚሠራ የሚኒካብ ሹፌር ነው። «ይህ ምንድን ነው?» ስለው «የእናቴ ነው፤ በመኪናው ወጪ ማስገባት አይቻልም?» አለኝ። ከዚያ በኋላ የነገረኝን ነው ዛሬ ከቫትም ከቪዛም አስቀድሜ ላጫውትዎ የፈለግሁት።

እናቱ ከኮልድሃርበር ሌን ጀርባ በአንድ የካውንስል ፍላት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፏል። ደወሉ ሲጫኑት ይደውላል፤ ሳይጫኑትም ሰው መውደቁ ከተሰማው በራሱ ይደውላል። አንድ ቀን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ እናትየው ወደ መጸዳጃ ሲሄዱ ኮሪደሩ ላይ ወደቁ። መሣሪያው ወዲያው አወቀና ደወለ። ሳሎን ካለው ሳጥን ውስጥ የሰው ድምፅ በእንግሊዝኛ «ደህና ነዎት?» ብሎ ጠየቀ። እናትየው በዚያ ሰዓት ሰው ማስቸገራቸው አሳፈራቸውና፣ ከወደቁበት ሆነው «ኦኬ፣ ኦኬ፣ ቴንኪው» አሉ። መስመሩ ተዘጋ። ምራታቸው ልጆቿን ትምህርት ቤት አድርሳ፣ ቁርስ ይዛላቸው ስትደርስ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ማሽኑ ሥራውን ሠርቷል። ስልኩን ያነሣውም ሰው የሚጠየቀውን ጠይቋል። እናትየውም የእኛ እናቶች የሚመልሱትን መልሰዋል። እንዲህም ሆኖ አንዲት አረጋዊት የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ከሰባት ሰዓት በላይ በቀዝቃዛ ወለል ላይ ተኝተው አደሩ። ዛሬ የሚኖሩት ኬር ሆም በምንለው የአረጋውያን መጦሪያ ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን የሐኪሞቹ ቁጥር ግልጽ ነው፦ በዚህ አገር ከ65 ዓመት በላይ ከሆኑ ሦስት ሰዎች አንዱ፣ ከ80 በላይ ከሆኑት ደግሞ ግማሾቹ ያህል በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ ይወድቃሉ። ኬር ሆም ያሉትማ ከዚህም ይብሳሉ። ወድቆ መቆየቱ ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ አደጋ ነው። ሰውነት ይቀዘቅዛል፣ ውኃ ያጥራል፣ የተጫነው ሥጋ ይቆስላል፣ የተጎዳ ጡንቻ ኩላሊትን ያውካል። ስለዚህ ትልቁ ጥያቄ ደወሉ ጮኸ ወይስ አልጮኸም ሳይሆን፣ ከጮኸ በኋላ በስንት ደቂቃ ሰው ደረሰ የሚለው ነው።

ስለ መሣሪያው ጥቂት ልበል፤ ሳያውቁት የሚገዙት ብዙዎች ናቸውና። በውስጡ እንቅስቃሴን የሚለካ ትንሽ ነገር አለ፤ ስልክዎን ሲያዞሩት ምስሉን አብሮ የሚያዞረው ዓይነት። ሰው ሲወድቅ ለቅጽበት እንደ ተለቀቀ ዕቃ ይንሳፈፋል፣ ከዚያ ከወለሉ ጋር ይጋጫል፣ ከዚያ ጸጥ ይላል። መሣሪያው እነዚህን በተከታታይ ሲያይ «ወደቀ» ይላል። አፕል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2018 ይህንኑ በእጅ ሰዓቱ ውስጥ አስገብቷል፤ ከባድ አወዳደቅ ካየና ባለቤቱ ለአንድ ደቂቃ ያህል ካልተንቀሳቀሰ ወደ አደጋ ጊዜ ስልክ ይደውላል። ይሁንና ማንኛውም እንዲህ ያለ መሣሪያ ይሳሳታል። በግድግዳ ተንሸራተው ቀስ ብለው መሬት የሚደርሱ አዛውንትን ላያውቅ ይችላል፤ ሶፋ ላይ ዘፍ ብለው የተቀመጡትን ደግሞ «ወደቁ» ሊል ይችላል።

መሣሪያውን የሠሩት ሰዎች የእኛን ቤት አስበው አልሠሩትም። አንዲት እናት «ማተቤ ባለበት አንገት ላይ ፕላስቲክ አላንጠለጥልም» ብለው ደወሉን በመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ሰቅለውት አይቻለሁ። እውነታቸውን ነው፤ ለእኚህ እናት በእጅ የሚታሰረውን መግዛት ነው። ለውዱእ በቀን አምስት ጊዜ የሚታጠቡ እናት ደግሞ እያወለቁ እንዳይረሱት ውኃ የማይፈራው መሆን አለበት። በዐቢይ ጾም፣ ይልቁንም በሰሙነ ሕማማት የሚሰግዱ ሰው ላይ መሣሪያው ስግደቱን ከመውደቅ ሊቆጥረው ይችላል። በስግደት መሃል ሁለት ሦስት ጊዜ በእንግሊዝኛ «ደህና ነዎት?» የተባሉ እናት፣ ለአራተኛው አውልቀው መሳቢያ ውስጥ ነው የሚከቱት። በነገራችን ላይ የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት እየወሰዱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ካሉ፣ ይህን ሐኪማቸውም የንስሐ አባታቸውም ይወቁት። ማዞሩ የሚመጣው ከዚያ ሊሆን ይችላል።

የቋንቋው ነገር ግን ከሁሉ ይብሳል፤ መድኃኒቱም ቀላል ነው። ደወሉን ሲያስመዘግቡ ለድርጅቱ በጽሑፍ ይንገሩ፦ «እኚህ ሰው እንግሊዝኛ አይናገሩም። ኦኬ ቢሉም እንኳ የተመዘገበውን ሰው ሳታነጋግሩ መስመሩን አትዝጉ።» ይህ በመዝገባቸው ላይ መጻፉን የሚያሳይ ወረቀት ይጠይቁ። እናትዎንም አንድ ቃል ያስተምሯቸው፤ «ሄልፕ» ትበቃለች። እሱንም ማለት ነውር ይመስላቸዋልና ደጋግመው ያስለምዷቸው።

ወደ ደንበኛዬ ልመለስ። «የተመዘገበው ሰው ማን ነበር?» አልሁት። «እኔ።» «ሌላስ?» «እኔ ብቻ።» ድርጅቱ ደውሎለት ቢሆን ኖሮስ? እሱ በዚያ ሰዓት ሂትሮው ሰልፍ ላይ ነው። መኪናውን አዙሮ ብሪክስተን እስኪደርስ አንድ ሰዓት ሊፈጅበት ነው። አምቡላንስ አለ ይሉ ይሆናል። አስቸኳይ ሆኖ ለሕይወት አስጊ ላልሆነ ጥሪ በእንግሊዝ አገር የተቀመጠው ግብ ራሱ ከአሥሩ ዘጠኙን በሁለት ሰዓት ውስጥ መድረስ ነው። አረጋውያን ወድቀው የሚደወለው ጥሪ ብዙ ጊዜ የሚመደበው በዚህ ውስጥ ነው።

እንግዲህ የማልሸሽገውን አስተያየቴን ልናገር። ሎንዶን ውስጥ ያለ እድራችን ሰው ሲሞት የሚያደርገውን ሁላችንም እናውቃለን። በዚያው ምሽት ወንበር ይገባል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ አስከሬኑ አገር ቤት የሚሄድ ከሆነ ገንዘቡ ተሰብስቦ ያድራል። ሱቁን ዘግቶ፣ የታክሲውን ሌሊት ትቶ የማይመጣ የለም። ለሞተ ሰው በአንድ ሰዓት አርባ ሰው እንደርሳለን። ወለል ላይ ለወደቀ ሰው ግን ቁልፍ የያዘ አንድም አባል የለንም። ይህ ለእኔ የሒሳብ ስሕተት ነው፤ ወጪው ሁሉ ከመጨረሻው መስመር በኋላ ተመዝግቧል።

እድሩ ማድረግ የሚችለው ብዙ ገንዘብ የማይፈልግ ነገር ነው። ብቻቸውን ለሚኖሩ እያንዳንዱ አዛውንት ሦስት ቁልፍ ያዥ ይመደብ። አንዱ ቀን ቀን ሱቁን ከፍቶ የሚውል፣ አንዱ ሌሊት ቤቱ የሚያድር፣ ሦስተኛው ደግሞ የቅርብ ጎረቤት፤ ጃማይካዊም ይሁን ፖርቱጋላዊ፣ ደረጃውን በሁለት ደቂቃ የሚወጣ ሰው። ቁልፉ ላይ አድራሻ አይጻፍ፣ ቁጥር ይጻፍ፤ የቁጥሩ መዝገብ ከጸሐፊው ዘንድ ይቀመጥ። ወይም በሩ አጠገብ በኮድ የሚከፈት የቁልፍ ሳጥን ይሰቀል። የሚደርሰው ሰው ዶክተር መሆን አያስፈልገውም። ዳሌያቸውን ወይም ጭንቅላታቸውን ካመማቸው፣ ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ ጎትቶ እንዳያነሣቸው፣ ብርድ ልብስ አልብሶ 999 ደውሎ በአማርኛ እያጫወታቸው እንዲቆይ ብቻ ይወቅ።

«ቁልፍ ለሰው መስጠት አደጋ ነው» የሚል አለ። «የቤታችን ወሬ ይወጣል» የሚልም አለ። እኔ ግን የእቁባችሁን ደብተር አይቻለሁ፤ በሺህ የሚቆጠር ፓውንድ ያለ አንድ ፊርማ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ይኖራል። ገንዘቡን ያመንነውን ሰው የእናታችንን በር ለመክፈት የማናምንበት ምክንያት አልታየኝም።

ብሪክስተን ይህን ነገር ከእኛ በፊት አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ1948 በኢምፓየር ዊንድረሽ መርከብ ከካሪቢያን ከመጡት መካከል ማደሪያ ያልነበራቸው ክላፋም ሳውዝ ባለው የምድር ውስጥ መጠለያ እንዲያድሩ ተደረገ፤ ሥራ ፍለጋም ወደ ቅርቡ የሥራ አገናኝ ቢሮ፣ ወደ ኮልድሃርበር ሌን መጡ። ብዙዎቹ ጥቂት ዓመት ሠርተን እንመለሳለን ብለው ነበር። ሳይመለሱ አረጁ። በደርግ ጊዜ የመጡት ታላላቆቻችንም ያሉት ይህንኑ ነው፤ ሻንጣቸውን ቁም ሣጥን ላይ እንዳስቀመጡ ጡረታ ወጡ። እዚህ እናረጃለን ብሎ ያቀደ ስለሌለ እድሩም የተቋቋመው ለሬሳ ብቻ ሆነ።

አሁን ደግሞ ኬር ሆም ስላሉት። «እናቴን መጦሪያ አላስገባም» ማለት ለእኛ እንደ መሐላ ነው። ነገር ግን በቀን አሥራ አራት ሰዓት ሱቅ የሚቆም ሰው፣ መርሳት የያዛቸውን ወይም ግማሽ አካላቸው የማይታዘዝላቸውን እናት ብቻውን መጠበቅ አይችልም። እናታቸውን ያስገቡ ደንበኞች አሉኝ፤ አልፈርድባቸውም። የምለው ሌላ ነው። አንድ መጦሪያ ሲያስጎበኙዎት «በየእጃቸው ዳሳሽ አለ፣ አልጋውም ላይ ምንጣፍ አለ፣ ሲነሡ ይጮኻል» ቢሉዎት ደስ ይበልዎ፤ ግን እዚያ ላይ አያቁሙ።

ምክንያቱን ልንገርዎ። በኖቲንግሃም ሆስፒታል ከ1,800 በላይ ሕሙማን የገቡበት ጥናት ተደርጎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል። በአልጋና በወንበር ላይ ከሠራተኛው ፔጀር ጋር የተገናኘ ዳሳሽ ተደርጎ ነበር፤ የወደቁት ቁጥር አልቀነሰም። በዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተመራ ሌላ ጥናት ደግሞ በ84 ኬር ሆሞች፣ በ1,657 ነዋሪዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2021 ታተመ። እዚህ የተሞከረው ሠራተኞቹን ማሠልጠን ነው፤ እያንዳንዱን ነዋሪ በዝርዝር እንዲያዩ፦ ጫማው ይሰፋል ወይ፣ መነጽሩ የራሱ ነው ወይ፣ መድኃኒቱ ያደነዝዘዋል ወይ፣ ሌሊት ለሽንት የሚነሣው ስንት ሰዓት ላይ ነው። ቤቶቹ ለጥናቱ በዕጣ ከተመደቡ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ የመውደቁ መጠን ከሌሎቹ ቤቶች በ43 በመቶ አነሰ። ደወል የሚናገረው ወለል ላይ ከደረሱ በኋላ፣ ቢበዛም ከአልጋ ሲነሡ ነው። እናትዎ ከሁለት ቁጥር የሰፋ ነጠላ ጫማ አድርገው መሆኑን የሚያየው ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ ሥራ አስኪያጁን ይጠይቁ። ሌሊት ስንት ሠራተኛ አለ፣ ለስንት ሰው? ደወሉ የሚጮኸው የት ነው? ባለፈው ወር ስንት ጊዜ ጮኸ፣ ሰው እስኪደርስስ ምን ያህል ፈጀ? ይህን የሚመዘግብ ቤት ቁጥሩን ያሳይዎታል። ቀን ሙሉ በከንቱ የሚጮኽ ደወል የሠራተኛውን ጆሮ ያደነቁራል፤ ይህን እዚያ የሚሠሩ እህቶቻችን ራሳቸው ይነግሩዎታል። የኬር ሆሞች ተቆጣጣሪ የሆነው ኬር ኳሊቲ ኮሚሽን የያንዳንዱን ቤት የምርመራ ውጤት ለሕዝብ ያወጣል፤ ከመፈረምዎ በፊት ያንብቡት። እናትዎ ራሳቸው መወሰን የማይችሉ ከሆነም እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የአእምሮ ብቃት ሕግ ውሳኔው ለእሳቸው በሚበጀው እንዲሆን ያዝዛል። ዳሳሹን ማሠር የሚሻል ስለመሆኑ እርስዎም መጠየቅ አለብዎ። እሳቸው የወደዱትንና የጠሉትን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

ይህን የማጠብቀው ለምን እንደሆነ የስደት ሕጉን የሚከታተል ይረዳኛል። የኬር ሠራተኞች ወደዚህ አገር በሥራ ቪዛ እንዲገቡ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2022 ነበር። በማርች 11 ቀን 2024 ባልና ሚስት፣ ልጅም ይዞ መምጣት ተከለከለ። በጁላይ 22 ቀን 2025 ደግሞ ከውጭ አዲስ ሠራተኛ ማስመጣቱ ተዘጋ። በሩ በሰው ላይ ሲጠብ፣ በሰው ፋንታ መሣሪያ የሚሸጥ ይበዛል ብዬ እፈራለሁ። መሣሪያው ለሠራተኛዋ ረዳት ከሆነ እሰየው። በእሷ ቦታ ከመጣ ግን የሚያነሣ ክንድ የለውም።

ወደ ለመድነው ነገር እንመለስና ስለ ገንዘቡ። ደወሉ በወር የሚያስከፍለው አብዛኛውን ጊዜ መኪናዎን አንዴ ነዳጅ ከሚሞላው ያነሰ ነው፤ ይህም ቢሆን ከኪስዎ ላይወጣ ይችላል። የጡረታ ዕድሜ የደረሰና በሕመም ምክንያት የሰው እርዳታ የሚያስፈልገው ሰው አቴንዳንስ አላዋንስ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2025/26 ዝቅተኛው በሳምንት 73.90፣ ከፍተኛው 110.40 ፓውንድ ነበር፤ በየኤፕሪሉ ይስተካከላል። ገቢና ቁጠባ አይታይበትም። ብዙ እናቶቻችን ሳይጠይቁት ዓመታት ያልፋሉ፤ ቅጹ ላይ «ብቻዎን መታጠብ ይችላሉ?» ሲባሉ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እችላለሁ» ብለው ስለሚያስሞሉ። እውነቱን ያስሞሉ። ቪዛቸው የመንግሥት ድጎማ መውሰድ የሚከለክል ከሆነ ግን ቅጹን ከመንካትዎ በፊት የስደት ጉዳይ አማካሪ ያነጋግሩ። ካውንስሉም፣ እዚህ ላምበዝ ማለት ነው፣ እርዳታ የሚያሻውን ሰው ሁኔታ ያለ ክፍያ የመመርመር ግዴታ አለበት፤ የ2014ቱ የኬር ሕግ ነው።

ቫቱን በተመለከተ፣ አካል ጉዳተኛ ወይም የቆየ ሕመም ያለው ሰው ለግል መገልገያው ለሚወስደው የአደጋ ጥሪ ደወል 20 በመቶው አይከፈልም። ማርጀት ብቻ አይበቃም፤ ሕመሙን የሚገልጽ አጭር የማረጋገጫ ቅጽ ለሻጩ መፈረም አለበት። ሱቅዎ በድርጅቱ ስም ከገዛው ግን ይህ ይቀራል። ለደንበኛዬ ጥያቄም መልሱ አይቻልም ነው፤ የእናት ደወል የሚኒካብ ወጪ አይሆንም። ወረቀቱን ከፌስታሉ አውጥቼ መለስሁለት።

አንድ አስቸኳይ ነገር ቀርቷል። የእናትዎ ደወል የተሰካው በአሮጌው የቤት ስልክ መስመር ላይ ከሆነ፣ ያ መስመር በመላ አገሪቱ እየተዘጋ ነው፤ ለመጨረሻው መዝጊያ የተያዘው ቀን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2027 ነው። አዲሱ መስመር በኢንተርኔት ራውተር በኩል ያልፋል። አንዳንድ አሮጌ ደወሎች በእሱ ላይ አይሠሩም። ከባድ አደጋዎች ከደረሱ በኋላ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 ትልልቆቹ የስልክ ኩባንያዎች ደወል ያላቸውን ሰዎች ሳያረጋግጡ እንዳያዛውሩ ከመንግሥት ጋር ቃል ገብተዋል። ይሁን እንጂ እናትዎ ደወል እንዳላቸው ኩባንያው በራሱ ላያውቅ ይችላል፤ ደብዳቤው ሲመጣም ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር ተጥሎ ይሆናል። ስለዚህ ራስዎ ደውለው ይንገሩ። መብራት ሲጠፋ ራውተሩም ይጠፋል። የኛ ኤሌክትሪክ አቬኑ በ1880ዎቹ በኤሌክትሪክ መብራት ቀዳሚ ከሆኑት የገበያ መንገዶች አንዱ ነው ብንልም፣ ብሪክስተን ውስጥም መብራት ይጠፋል። የቤት ስልኩ ብቻ ላላቸው ሰዎች ኩባንያው መብራት በጠፋ ጊዜ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት የአደጋ ጥሪ የሚያስደውል መላ እንዲሰጥ የቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ ኦፍኮም ይጠብቅበታል። ባትሪውን ይጠይቁ። ከዚያም እናትዎ አጠገብ ቁጭ ብለው ደወሉን ይጫኑት፤ ማን እንደሚያነሣና ምን እንደሚል በጆሮዎ ይስሙ።

ደንበኛዬ ነገሩን ለእድራቸው አንሥቶታል። ሦስት እሑድ ተከራክረውበታል ይለኛል፤ አንዱ ስለ ኢንሹራንስ፣ አንዱ ስለ ሐሜት፣ አንዱም «ለመሆኑ ቁልፉ ቢጠፋ በሩን የሚቀይረው ማን ነው?» እያለ። እስካሁን ቁልፋቸውን የሰጡት ሁለት አዛውንት ናቸው። መዝገቡን የያዘችው ብሪክስተን ገበያ ውስጥ ቅመም የምትሸጥ ሴት ናት፤ የአንደኛውን ቤት ቁልፍ ከገንዘብ ሣጥኗ ሥር ሰቅላዋለች፤ ቁጥር 1 የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል።